ተክል ላለው አኳሪየም ታች የሚውል አሳ፦ የቱ ከየቱ ይስማማል?

የኒዮን_እናት

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ያለሁት አዲስ አበባ፣ ሰሚት ነው። አኳሪየሜ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ነው። ውስጡ ኒዮን ቴትራና ወንድ ጋፒዎች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ከመሃል ወደ ላይ ስለሚውሉ ታችኛው ክፍል ጭር ብሏል። ተክሉ ግን ደህና ይዞልኛል። ከኋላ ቫሊስኔሪያው ግጥም ብሏል፣ አኑቢያሱን ግንድ ላይ አስሬዋለሁ፣ ፊት ለፊት ክሪፕቶኮሪን አለ። ከስር ያለው ጥቁር ጠጠር ነው።

አሳ የምገዛበት ልጅ "ሁለት ኮሪ፣ አንድ ፕሌኮ፣ አንድ ቀይ ጭራ ሻርክ ውሰጂ፣ ቆሻሻውን እነሱ ይጨርሱልሻል፣ ውሃ መቀየሩም ይቀንስልሻል" አለኝ። ኮሪ ያለው ኮሪዶራስ የሚባለውን ጢማም ትንሽ አሳ ነው፣ ፕሌኮ ደግሞ መስታወት ላይ በአፉ የሚለጠፈውን። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በኋላ ግን ነገሩ ትንሽ በዛብኝ። ሦስቱ አብረው ይኖራሉ? ተክሉንስ አይነቅሉብኝም? የውሃ ማሞቂያውን፣ ሂተሩን፣ 25 ዲግሪ ላይ ነው ያደረግኩት።

ጠጠር_ለቃሚ

ጥርጣሬሽ ልክ ነው እህቴ። "ቆሻሻ ይጨርሳሉ" የሚለውን ጭራሽ እርሺው። የሌላውን አሳ ኩስ በልቶ የሚያጸዳልሽ አሳ የለም። ታች የሚውለውም ይበላል፣ እሱም ይጥላል፤ ስለዚህ ሥራ ይጨምርልሻል እንጂ አይቀንስልሽም። ኮሪ የወደቀ ፍርፋሪ ይለቅማል፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን በፍርፋሪ ብቻ ኑር ከተባለ ሆዱ ገብቶ ይከሳል። የሚሰምጥ ምግብ ለብቻው ያስፈልገዋል፣ እሱንም ማታ የአኳሪየሙ መብራት ከጠፋ በኋላ ጣይለት፣ አለበለዚያ ኒዮኖቹ መንገድ ላይ ይጨርሱበታል።

ቀይ ጭራውን ተዪው። ሻርክ አይደለም፣ የካርፕ ዘመድ ነው፤ ጠባዩ ግን ስሙን አያሳፍርም። 12 ሳንቲ ያህል ያድጋል፣ አንድ ጥግ ይይዝና ታች ዝር ያለውን ሁሉ ያባርራል። 80 ሳንቲ ላይ ኮሪዎቹ የሚሸሹበት ቦታ የለም።

"ሁለት ኮሪ" የሚለውም አያስኬድም። ኮሪ ብቻውን ሲሆን ይደበቃል፣ ቀኑን ሙሉ ከግንድ ኋላ ተወሽቆ ስለሚውል ገዝተሽው አታይውም። ከአንድ ዓይነት ቢያንስ ስድስት ግዢ። አንድ ነሐስማ፣ አንድ ነጠብጣብ፣ አንድ ፓንዳ እያሉ መቀላቀል ለዓይን ያምራል እንጂ እያንዳንዱ የሚፈልገው የራሱን ዓይነት ነው። ደግሞ ታች ለሚውል አሳ ሊትሩን ሳይሆን ወለሉን ቁጠሪ። 80 በ35 ለስድስት ለሰባት ኮሪ ይበቃል፣ ለሦስት ዓይነት ታች ዋዮች ግን አይበቃም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሻርኩ ላይ እስማማለሁ፣ ፕሌኮው ላይ ግን ከመፍረድ በፊት የትኛው ፕሌኮ እንደሆነ ይጣራ። ሱቅ ውስጥ በዚያ ስም የሚሸጡት ብዙ ዓይነት ናቸው። በጣም የተለመደው፣ ነጠብጣብ ያለው፣ ጀርባው ላይ ትልቅ ክንፍ የሚዘረጋው፣ ሲሸጥ ጣት ቢያክልም ከ30 ሳንቲ በላይ ያድጋል። እሱ ላንቺ ታንክ በጭራሽ አይሆንም፣ ሲዞር ብቻ ክሪፕቶኮሪኑን ይደመስሰዋል። አንሲስትረስ የሚባለው ደግሞ ትንሹ ነው፤ 12 ሳንቲ አካባቢ ይቆማል፣ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ ወንዱ ሲያድግ አፍንጫው ላይ ጢም የመሰለ ነገር ያበቅላል። እሱ ከኮሪ ጋር ብዙም አይጋጭም፣ ምክንያቱም ኮሪ ወለሉን ሲያስስ አንሲስትረሱ ግንዱና መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነው የሚውለው። አንድ ብቻ ግን። ሁለት ወንድ ከሆኑ ይጣላሉ፣ ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ ጫጩቶቹን የሚወስድልሽ ሰው ፍለጋ ትዞሪያለሽ።

ተክሉን በተመለከተ አኑቢያስና ቫሊስኔሪያ ላይ ብዙ ጉዳት አያመጣም። አማዞን ሶርድ ዓይነት ሰፋፊና ስስ ቅጠል ቢኖርሽ ኖሮ ይፍቀዋል፣ በተለይ ከራበው። ዝኩኒ ቀንጠብ አድርገሽ፣ ትንሽ ቀቅለሽ፣ እንዳይንሳፈፍ ሹካ ላይ ሰክተሽ ማታ አስቀምጪለት፤ ጠዋት የተረፈውን አውጪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትልቁን ፕሌኮ ገዝተው ሲያድግባቸው ወንዝ ውስጥ የሚጥሉ ሰዎች አሉ። እዚህ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በዚህ መንገድ ተራብቶ የቦይና የሐይቅ ዳርቻ እየቆፈረ ያስቸግራል። አደራ፣ ሐዋሳም ሆነ አዋሽ ውስጥ እንዳይገባ።

ሻርጃ_ነኝ

እኔ ከሙቀቱ በኩል ልምጣ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። በጋ ላይ ከቧንቧ "ቀዝቃዛ" ተብሎ የሚወርደው ውሃ ራሱ ትኩስ ነው፣ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ቀኑን ሙሉ ሲጋገር ስለሚውል። እዚህ ፓንዳ ኮሪ ማኖር ጣጣ ነው፣ እሱ ከ20 እስከ 25 ነው የሚመቸው። ስቴርባይ የሚባለው ኮሪ ግን 27፣ 28 ላይ ምንም አይለውም፣ ለዚህ ነው ውሃ ከሚያሞቁ ሰዎች ዘንድ የተወደደው። አንቺ ግን አዲስ አበባ ነሽ፣ ችግርሽ የዚህ ተቃራኒ መሰለኝ።

ኮሪ ካልሆነልሽ ኩሊ ሎችን አስቢው። እባብ የሚመስል ቀጭን አሳ ነው፣ ቢጫና ጥቁር ቡኒ ቀለበት አለው፣ 10 ሳንቲ ገደማ ይሆናል፣ ጠብ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ተክል አይነካም። እሱም በቡድን ነው። ቀን ላይ ብዙ አይታይም። ፊልተሩ ውሃ የሚስብበት አፍ ላይ ስፖንጅ አድርጊ፣ ገብቶ ይሰነቀራል። ክዳኑ ላይም ክፍተት አትተዪ።

ጋሼ_ገንዳ

ልጆች፣ ስለ ጠጠሩ ማንም ምንም ሳይል አለፈ። ኮሪ ካልሽ አይቀር አሸዋ ይበጃል የሚባለው ትክክል ነው፣ ግን ነገሩን አታጋንኑት። የኮሪ ጢም የሚያልቀው ጠጠሩ ስለፋቀው ብቻ አይደለም፤ በጠጠሩ መሃል ምግብ ገብቶ ይበሰብሳል፣ ኮሪው አፉን እዚያ እየከተተ ይውላልና በባክቴሪያ ይቆስላል። ድቡልቡል፣ ለስላሳ ጠጠር ያለው ሰው ወለሉን በየሳምንቱ በቱቦ እየሳበ ቢያጸዳ ኮሪው ደህና ይኖራል። ወለሉ የማይጸዳ ከሆነ አሸዋም አያድነውም።

ጠጠር_ለቃሚ

ጋሼ በጽዳቱ ልክ ብለዋል። እኔ ግን አሁንም አሸዋ ነው የምለው፣ ለጢሙ ብቻ ብዬ አይደለም። ኮሪ አሸዋ ላይ ሲበላ አይተውት እንደሆነ አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ድረስ ይቀብራል፣ አሸዋውን በአፉ ይዝቃል፣ ከዚያ በሁለቱም ጎን በስንጥቡ ቡልቅ እያደረገ ያወጣዋል፣ ምግቧ ብቻ ውስጥ ትቀራለች። አበላሉ እንዲህ ነው። ጠጠር ላይ ይኖራል፣ ግን ይህን አያደርግም፤ በጠጠሩ መሃል የገባውንም ምግብ አያገኘውም። ኩሊ ሎች ደግሞ ጭራሽ አሸዋ ውስጥ ገብቶ የሚተኛ አሳ ነው።

የባቱ_ልጅ

ይህን ሁሉ ዶላር ለውጭ አሳ ከምታወጡ እኔ ከሐይቁ አንድ ትንሽ አምባዛ ልላክላት? ታች ነው የሚውለው፣ ጢምም አለው 😂

ሲልቨር_ስፕሪንግ

😂😂 ኒዮኖቹን ለአምባዛ? ሥጋን ለጅብ አደራ! አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ የሚሄድ አሳ ነው፤ አኳሪየሙን ባዶ አድርጎ ሶፋው ላይ ይቀመጣል።

ቁም ነገሩን ካነሳን፣ ከሀገር ውስጥ አሳዎች ለአኳሪየም የሚያጓጓኝ ጋራ የሚባለው ነው። በወንዞቻችን ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ አልጌ የሚፍቅ ትንሽ አሳ፣ አገጩ ስር ለመጣበቂያ የሚሆን ክብ ነገር አለው። ግን የሚኖረው የሚፈስ ውሃ ውስጥ ነው፣ ኦክስጅኑ የበዛ። ኒዮን ካለበት ረጋ ካለ ታንክ ጋር አይሄድም። ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

የኒዮን_እናት

እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር! ሱቁ ደውዬ ጠየቅኩ። ፕሌኮው ያ ነጠብጣቡ ነው፣ ልጁም እንደሚያድግ ሳይደብቅ ነገረኝ፣ ስለዚህ ቀርቷል። ኮሪ ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ ነሐስማ፣ ሌላው ግራጫ ሆኖ ጥቁር ዥጉርጉር ያለበት። ሎች የለውም።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። እኛ ሰፈር መብራት ይጠፋል፣ አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ። ሂተሩም ፊልተሩም ይቆማል። ታች ያሉት አሳዎች ቀድመው ይጎዳሉ የሚል ነገር ሰምቼ ፈራሁ።

ጠጠር_ለቃሚ

እንግዲያው ምርጫው ቀለለ፦ ግራጫውን ውሰጂ። ፔፐርድ ኮሪ ይባላል፣ ሳይንሳዊ ስሙ ፓሌአተስ ነው። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ነው፣ ከኡራጓይና ከአርጀንቲና አካባቢ፣ ብርድ የሚያውቅ አሳ ነው። 18 ዲግሪን ይችላል። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 በታች ይወርዳል፤ ቤት ውስጥ ያለ ታንክ ያን ያህል ባይቀዘቅዝም መብራት ሳይኖር ሲያድር ውሃው ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ነሐስማውም ጠንካራ ነው፣ ግን ለቅዝቃዜ ግራጫውን አይተካከልም። ሂተሩን ወደ 23 አውርጂው፤ ኒዮኑም ጋፒውም 23 ላይ ምንም አይሉም፣ መብራት ሲጠፋም የሙቀቱ መውደቅ ያን ያህል ድንገተኛ አይሆንባቸውም።

ከብርዱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አየሩ ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል። በዚያ ላይ ሌሊት ተክሎቹም ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ፊልተሩ ቆሞ፣ ተክሉ ግጥም ብሎ፣ አሳው በዝቶ ካደረ አደጋ አለው። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ካገኘሽ ግዢ። ኮሪ እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለው፦ ተወርውሮ ወደ ላይ ይወጣና አየር ጎርሶ ይመለሳል፣ ኦክስጅኑን በአንጀቱ ይመጠዋል። አልፎ አልፎ ሲያደርገው አትደንግጪ፣ ጤነኛ ኮሪም እንዲህ ያደርጋል። ሁሉም ተራ በተራ ሳያቋርጡ ከወጡ ግን ውሃው ላይ ችግር አለ። ቫሊስኔሪያው ላዩን ሸፍኖት ከሆነ ከርከሚው፣ መውጫ ይኑራቸው።

ስትገዢ ጢማቸውን እይ፣ ሆዳቸውንም። ጢሙ የተቆረጠ ወይም ሆዱ የገባ ካለ ተዪው። መረብ ውስጥ ደግሞ የክንፋቸው እሾህ ይያዛል፤ አትጎትቺው፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ራሱ እስኪፈታ ጠብቂው።

ሻርጃ_ነኝ

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊው ሆፕሊሶማ በሚል ስም ብታገኚው ግራ አይግባሽ። በ2024 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ኮሪዶራስን ከፋፍለው ብዙዎቹን ወደ ሌላ ስም አዛወሯቸው። አሳው ያው ነው፣ ሻጩም ኮሪ ነው የሚለው።

የኒዮን_እናት

በቃ ግራጫው ሆነ፣ ስድስት። አንሲስትረስ ካገኘሁ ቆየት ብዬ አስብበታለሁ። አሁን የቀረኝ አሸዋው ነው። ጎረቤት ቤት እያሠራ ነው፣ የግንባታ አሸዋ ተከምሯል፣ ትንሽ ብወስድ ችግር አለው? ጠጠሩንስ በአንድ ቀን ላውጣው?

ጋሼ_ገንዳ

የወንዝ አሸዋ ከሆነና ሲሚንቶ ያልነካው ከሆነ ይሆናል ልጄ። መጀመሪያ መዳፍሽ ላይ አሸት አሸት አድርጊው፤ የሚቧጥጥ ከሆነ ለኮሪ አፍ አይሆንም። ቀጥሎ አንድ እፍኝ ሰሃን ላይ አድርገሽ አቼቶ ጠብ አድርጊበት። አረፋ እያወጣ ከተንጫጫ ኖራ አለበት፣ ውሃውን ያጠነክረዋል፤ ጋፒው ይወደዋል፣ ኒዮኑ ግን አይወደውም፣ ስለዚህ ሌላ ፈልጊ። ዝም ካለ በወንፊት ነፍተሽ፣ ባልዲ ውስጥ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግመሽ እጠቢው። ሳሙና እንዳይነካው።

ጠጠሩን በአንድ ቀን አታውጪው። ውሃውን የሚያጣራው ባክቴሪያ ፊልተሩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ጠጠሩም ላይ አለ። ግማሹን በዚህ ሳምንት፣ ግማሹን ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ አድርጊ፣ በዚያ መሃል ፊልተሩን አትጠቢ። አሸዋው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ይበቃል። ክሪፕቶኮሪኑ ሲነቀል ቅጠሉ ሟሙቶ ሊያልቅ ይችላል፣ ሥሩን እንዳትጥዪው፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። አሸዋ ለተክል ምግብ ስለሌለው ከሥሩ አጠገብ የማዳበሪያ እንክብል ቅበሪለት። ኮሪዎቹን የምታስገቢው ይህ ሁሉ አልቆ፣ ከአሳ ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይቱ፣ ዜሮ መሆናቸውን ለክተሽ ካየሽ በኋላ ነው።

የኒዮን_እናት

እሺ ጋሼ፣ አቼቶው ቤት አለ። ነገ ሞክሬ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።