ስምንት ወር ሙሉ ስላይድ፤ አማካሪነት ይሄ ነው እንዴ?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አማካሪ ድርጅት ውስጥ የሠራችሁ ወይም አሁን የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። በኢኮኖሚክስ ተመርቄ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ አማካሪ ድርጅት ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ማዕረጌ ጁኒየር ኮንሰልታንት ይባላል። እማዬ ለጎረቤት ስታወራ "ልጄ መሥሪያ ቤት ታማክራለች" ትላለች። እኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ የሳጥን ጠርዝ ሳስተካክል ነው የከረምኩት።

አልቀለድኩም። ትናንት ማታ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ አለቃዬ በቴሌግራም ድምፅ ላከ፤ "ስላይድ 14 ላይ ያሉት ሦስት ሳጥኖች እኩል አይደሉም፣ እስቲ እያቸው።" እኩል ናቸው። ልካቸውን በቁጥር ነው ያስገባሁት። አልጋ ውስጥ ሆኜ ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ አየሁ፣ ምንም ሳልነካ ፋይሉ ስም ላይ "የተስተካከለ" የምትል ቃል ጨምሬ መልሼ ላክሁለት። "አሁን ቆንጆ ሆነ" አለኝ።

ይሄስ ይሁን። የሚያመኝ ሌላ ነው። አሁን ያለሁበት ሥራ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የአደረጃጀት ጥናት ነው፤ ቀን ቀን በየክፍሉ እየዞርኩ ቃለ መጠይቅ አደርጋለሁ፣ ማታ ማታ እሱን ወደ ስላይድ እገለብጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ንብረት ክፍል ገባሁ። እዚያ 27 ዓመት የሠሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ እኔ ሳልወለድ የገቡ ማለት ነው። መጠይቄን ዘርግቼ "የሥራ ሂደቱን ቢገልጹልኝ" ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ብለው አዩኝና "ልጄ፣ በቢፒአር ጊዜ ጠየቁን፣ በቢኤስሲ ጊዜ ጠየቁን፣ ካይዘን ሲመጣ መደርደሪያውን ቀለም ቀባን። አንቺ ደግሞ ምን ልትቀቢ መጣሽ?" አሉኝ። (ሦስቱም በየጊዜው በመሥሪያ ቤቶች የመጡ የአሠራር ማሻሻያ ፕሮግራሞች ናቸው።) እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

እንደዚያም ሆነው አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱኝ። ያስረዱኝ ነገር አሁን "ቁልፍ ግኝት 3" ተብሎ በኛ ድርጅት አርማ ሊቀርብ ነው። እኔ ምን ጨመርኩበት? ሳጥን።

በዚህ መሀል አንድ ባንክ ጠርቶኛል። ደሞዙ ያን ያህል አይለይም፣ ግን 11 ሰዓት ላይ ይወጣሉ አሉ። ምን ትላላችሁ? ይሄ ነገር ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ይለወጣል ወይስ በጊዜ ላጥ ልበል?

ካዛንቺስ_ቡና፦

11 ሰዓት ላይ ይወጣሉ ያለሽ ሰው ሰኔ ላይ ባንክ ገብቶ አያውቅም። ሒሳብ ሲዘጋ አብረውን የሚያመሹት ዘበኞቹ ብቻ ናቸው። በተረፈ ሳጥን ከማስተካከልና ብር ከመቁጠር የቱ ይሻላል ለሚለው እኔም መልስ የለኝም፣ ሁለቱንም ሠርቻለሁ 😄

የድሮ_አማካሪ፦

እህቴ ስሚኝማ። ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ፣ አሁን ወጥቻለሁ፣ ስለዚህ የምሸጥልሽ ነገር የለኝም። ስላይድ ሁሉም ሰው ያየዋል፣ በዚህም ምክንያት ሁሉም ሰው ይነካካዋል። ኤክሴሉን ግን ካንቺ ሌላ የሚከፍተው የለም። የጀማሪ ሥልጣን ያለው እዚያ ነው፣ ሲበላሽ መዋረዱም እዚያ ነው። የኔን ልንገርሽ።

የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ግዢ ከጥያቄ እስከ ርክክብ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት እንድናሰላ ተቀጠርን። ጸሐፊዎቹ ከመዝገብ እየገለበጡ በኤክሴል የተየቡት ዳታ ተሰጠኝ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ የተጻፈውም ቀን፣ ወር፣ ዓመት ተብሎ ነው። የኔ ላፕቶፕ ደግሞ ቀንን በአሜሪካን አጻጻፍ እንዲያነብ የተስተካከለ ነው፤ እሱ ወርን ነው የሚያስቀድመው። አየሽ ነገሩን? ሐምሌ 3 ቀን 3/11/2010 ተብሎ ሲገባ ላፕቶፑ መጋቢት አሥራ አንድ፣ ያውም የፈረንጅ መጋቢት ብሎ አነበበው። ሐምሌ 15 ደግሞ 15/11/2010 ነው፤ አሥራ አምስተኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ትቶት ወደ ግራ ተለጠፈ። ከሁሉም የሳቅሁት በጳጉሜን ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 4/13/2010 ነው፤ ኤክሴል አሥራ ሦስተኛ ወር ሊያውቅ አይችልም ብለሽ ስትጠብቂ ኤፕሪል 13 ብሎ በደስታ ተቀበለው!

እኔ ይሄን ሁሉ አላየሁም። አማካዩን አሰላሁ፣ 43 ቀን ወጣ፣ በትልቁ ጻፍኩት፣ አለቃዬ ወደደው። አዳራሽ ውስጥ ስናቀርብ አንዲት የፋይናንስ ኃላፊ እጃቸውን አወጡና "ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን የጎማ ግዢ ራሴ ነኝ የፈረምኩት፣ በሳምንት ነው ያለቀው፣ እናንተ ጋ አራት ወር ይላል" አሉ። ቀጥለው ደግሞ ዕቃው ከመጠየቁ በፊት የደረሰበት መስመር አገኙ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ጠረጴዛ ሥር መግባት ነበር የቀረኝ።

ከዚያ ሦስት ቀን መዝገብ ቤት ቁጭ አልኩ። ቀን ለብቻ፣ ወር ለብቻ፣ ዓመት ለብቻ በሦስት ዓምድ አስገባሁ፣ ዛሬም እንደዚያ ነው የማደርገው። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ ነው ዋናው ነገር የታየኝ። ጥያቄው ከክፍሉ ይወጣና ዳይሬክተሩ ጋ ይሄዳል፣ እሱ ጠርዙ ላይ "ለሚመለከተው" ብሎ ይመራዋል፣ የተመራለት ደግሞ "ታይቶ ይቅረብ" ብሎ ለሌላ ይመራዋል። አምስት ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ላይ አንድ ነገር የወሰኑት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሦስቱ አሳላፊ ናቸው፣ ደብዳቤው የሚያድረውም እነሱ ጋ ነው። ይሄን ከማኅተሞቹ ቀን ቆጥሬ አወጣሁ፣ ማንም አልተከራከረኝም። ባንኩን ለመሄድ ከወሰንሽ ሂጂ፣ ግን አንድ እንዲህ ዓይነት ነገር በእጅሽ ሳታገኚ አትሂጂ።

ሰው_ሀብት፦

የሁላችሁም ጥሩ ነው፣ ግን ማታ 4 ሰዓት የተላከውን ድምፅ ማንም አላነሳውም። ሥራዬ ስለሆነ ልናገር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተፈጻሚ ይሆንብሻል፣ የሥራ መሪ አይደለሽማ። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5።

አሁን "ማን ይጠይቃል?" ትሉኛላችሁ። ገባኝ፣ በዚህ ዘርፍ የጠየቀ ሰው ብዙ አላየሁም። ስለዚህ የሚሆነውን ልንገርሽ። ታይምሺት (የሠራሽው ሰዓት የሚመዘገብበትን ቅጽ) ትሞያለሽ አይደል? 14 ሰዓት ሠርተሽ 8 ብለሽ ነው የምትሞይው፣ ሁሉም እንደዚያ ስለሚያደርግ። ድርጅትሽ ለሚቀጥለው ጨረታ ዋጋ ሲያወጣ "ባለፈው ይሄን ሥራ በስንት የሰው ቀን ጨረስነው?" ብሎ ያንን ታይምሺት ያወጣል። በውሸቱ ቁጥር ፋይናንሻል ፕሮፖዛል (የዋጋ ማቅረቢያው) ይገባል፣ ያሸንፋል፣ ከዚያ ያንኑ የማይበቃ ቀን ይዘሽ እንደገና የምታመሺው አንቺው ነሽ። ቴክኒካሉ ላይ (ሥራውን እነማን እንዴት እንደሚሠሩት በሚገልጸው ሰነድ) የሚገባው የትልልቆቹ ሲቪ ነው፣ ሌሊቱ ግን ያንቺ ነው። እውነተኛውን ሰዓት ጻፊ። ቢቆጡ እንኳ ቁጥሩ ተጽፎ ይቀመጣል።

ወዲያ_ማዶ፦

እኔ እናንተ መጠይቅ ዘርግታችሁ የምትመጡብን ሰው ነኝ፣ እቅድ ክፍል ነው የምሠራው። ጋሼው ለምን እንዳልሳቁ ልንገርሽ። "የአደረጃጀት ጥናት" ሲባል እኛ የምንሰማው "ድልድል" ነው። በቢፒአር ጊዜ ጥናቱ አልቆ መደቡ ሲወጣ ስሙን ያጣ ሰው ነበረ፣ "ተንሳፋፊ" ነበር የሚባለው። ወንበር እያለው ሥራ የሌለው፣ ጠዋት እየፈረመ ጋዜጣ የሚያነብ። እሳቸው ያንን በዓይናቸው አይተዋል። አንቺ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆነሽ ስትገቢ የሚታያቸው ያ ዝርዝር ነው።

ሌላው ደግሞ፣ በናትሽ ለአለቆችሽ ንገሪልን። አንድን ሰነድ ሦስት ጊዜ ትጠይቁናላችሁ፣ የመጀመሪያው የመጣው ልጅ ለሁለተኛው አያስተላልፍም። መጨረሻ ላይ መቶ ምናምን ገጽ በእንግሊዝኛ ትሰጡናላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ደብዳቤውንም፣ ቃለ ጉባኤውንም፣ ኩርፊያውንም የሚጽፈው በአማርኛ ነው! ያ ጥራዝ ዳይሬክተሩ ቁም ሳጥን ላይ ካለፈው አማካሪ ጥራዝ አጠገብ ይቀመጣል። እኔ ብሆን የጋሼውን ክፍል ብቻ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፌ እሳቸው ጋ እመለሳለሁ። "ያሉኝን እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ ልክ ነው?" ብለሽ ጠይቂያቸው። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ፣ ቡና ጋብዣቸው።

ጀማሪዋ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። ሰው_ሀብት፣ ታይምሺቱን የዚህን ሳምንት በትክክል ሞላሁት፣ 61 ሰዓት። እስካሁን የጠራኝ የለም።

ወዲያ_ማዶ ያልሽውን (ያልከውን?) አደረግሁ። ሁለት ገጽ በአማርኛ ጻፍኩና ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ጋሼ ቡናውን ተቀበሉኝ፣ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ከኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። አንደኛው ገጽ ላይ ምንም አልነኩም። ሁለተኛው ላይ "ዕቃ የሚወጣው ሞዴል 20 (የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ) ተሞልቶ፣ ከዚያ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ቅጽ) ነው" ያልኩትን ሰረዙት። "መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው" አሉኝ፤ "እኛ ጋ አለቃ ስልክ ይደውላል፣ ዕቃው ይወጣል፣ ሞዴል 20 በሳምንቱ ይሞላል፣ ቀኑ ግን ዕቃው የወጣበት ቀን ተደርጎ ይጻፋል። ለዚያ ነው በወረቀት ሁሉም ጥያቄ በዕለቱ የሚስተናገደው።"

እኔ ደግሞ ስላይድ 14 ላይ በትልቁ ምን ጽፌ እንደነበር ታውቃላችሁ? "የንብረት ክፍል ቀልጣፋ ነው፤ ጥያቄዎች በአማካይ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይስተናገዳሉ።"

የድሮ_አማካሪ፣ ኤክሴሉን እንዳልከው በሦስት ዓምድ አጽድቼዋለሁ፣ ቀኖቹ ሁሉ ልክ ናቸው። ወረቀቱ ራሱ ከዋሸ ግን ምን ላድርገው? ማቅረቢያው ሐሙስ ነው፣ ባንኩ ደግሞ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል።

የድሮ_አማካሪ፦

ስላይድ 14ን አጥፊውና ጋሼ ያሉሽን ጻፊ፣ ስማቸውን ሳትጠሪ፣ "አለቃ ይደውላል" የሚለውንም እንዳለ ሳይሆን "ከቅጽ ውጭ የሚወጣ ዕቃ አለ" ብለሽ። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ከሞዴል 22 ላይ አሥር ዕቃ ምረጪና የተረከበው ክፍል መቼ እንደጠየቀ ሂጂና ጠይቂ፣ አሥር ይበቃል።

ሳጥኖቹን ደግሞ እኩል አድርጊያቸው።