የደሴና የኮምቦልቻ የጋራ የክረምት የናዳ ጥንቃቄ ፕሮፖዛል፦ ረቂቁ ይኸው፣ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ

ሰብሳቢው (ግንቦት 4)
ረቂቁን ለጥፌዋለሁ። እስከ ግንቦት 25 መግባት አለበት። ካለፈ ገንዘቡ ለሌላ ይሰጣል። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ከደሴ በላይ ጦሳ ተራራ ላይ ባለው ስንጥቅ ግራና ቀኝ ካስማ ተክሎ በየሳምንቱ በሜትር መለካት። ሦስት የዝናብ መለኪያ መግዛት። ከሐምሌ እስከ መስከረም ተራራ የሚወጣውን ሰው ማስተማር፤ ሯጩን፣ እንጨት ለቃሚዋን፣ እረኛውን። መሬቱ ሊሄድ ሲል ምልክት ይሰጣል። ያንን ማወቅ ነው ዋናው። አደጋ ሲያሰጋ ደግሞ በየሰፈሩ ጥሩንባ ይነፋል። በጀቱ 240 ሺህ ብር። ስለ ቲሸርት አንድም ሰው እንዳይጽፍብኝ።

ገንዘብ ያዥ (ግንቦት 4)
ስለ ቲሸርት አልጽፍም። ስለ ቲሸርቱ ደረሰኝ ግን እጽፋለሁ። 7,400 ብር እስከ ዛሬ በኔ ስም ተንጠልጥሎ ነው ያለው። እሱ ሳይዘጋ አዲስ ገንዘብ ስንጠይቅ ምን ልንል ነው? ደግሞ «ማስተማር» ስር የገባው 90 ሺህ ምንድን ነው? ሻይ ነው? ወረቀት ነው? አበል ነው?

ሯጩ (ግንቦት 4)
ካስማው የኔ ነው። ጠዋት ጠዋት የምሮጠው እዚያው ነው። ሁለቱን ትናንት ተክያለሁ። መሀላቸው ልክ 1 ሜትር ከ12 ሴንቲ ነው። በየሳምንቱ ለክቼ ፎቶ እልካለሁ። አታስቡ።

ሹፌሩ፣ ከኮምቦልቻ (ግንቦት 5)
ረቂቁን ሁለቴ አነበብኩት። ጦሳ ዘጠኝ ጊዜ ተጠርቷል። ኮምቦልቻ አንዴ፣ እሱም ርእሱ ላይ። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ በክረምት በቀን አራቴ የምመላለሰው እኔ ነኝ። የቤት በር የሚያክል ድንጋይ ሌሊት ወርዶ፣ ጠዋት ጉም ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኝተን እናውቃለን። የጋራ ፕሮፖዛል ከሆነ ሐረጎ ይግባ። ካልሆነ የኛን ፊርማ አውጡት።

ሰብሳቢው (ግንቦት 5)
ሐረጎ የመንገድ ሰዎች ሥራ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ ናት። የሚያሰጋት የቦርከና ወንዝ ነው እንጂ ናዳ አይደለም።

ሹፌሩ፣ ከኮምቦልቻ (ግንቦት 5)
ቦርከናስ ከየት ነው የሚመጣው? የናንተን ቆሻሻ ይዞ አይደል የሚወርደው? ሜዳ ናት ያልካትን ከተማ ደግሞ አውሮፕላን ስትፈልጉ ትመጡባታላችሁ።

ጋሽ መምህር (ግንቦት 6)
ሁሉም ሸጋ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይውጣ። ጥሩንባው። ጥሩንባ የለቅሶ ነው። ሌሊት ሲነፋ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ነው የሚነሳ። እኔ 73 ዓመቴ ነው፣ ደም ግፊትም አለብኝ። ዝናብ ዘነበ ተብሎ በጥሩንባ ልቀሰቀስ አልፈልግም።

የቅሬው ጸሐፊ (ግንቦት 6)
ጋሼ፣ ለለቅሶ ብቻ ነው ያለው ማነው? ለስብሰባም ይነፋል። እሳት ሲነሳም ተነፍቷል። ደግሞ በነጻ ነው፣ ነፊውም የቅሬው፣ የእድራችን፣ ደመወዝተኛ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ አንድ ሳንቲም የማያስወጣው እሱ ብቻ ነው፣ እሱን አውጡ ይላሉ?

ጋሽ መምህር (ግንቦት 6)
እሳት ተነሳ ተብሎ የተነፋ ዕለት ጎረቤቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች ወጣች። አንዲት አልቃሽም ተከትላት ነበር። የተቃጠለው የጭድ ክምር ነው። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ በዚያ ትሳቀቃለች።

ሯጩ (ግንቦት 6)
ፊሽካ ብናደርገውስ?

የቅሬው ጸሐፊ (ግንቦት 6)
ፊሽካ የትራፊክ ነው። ሚኒባስ ያስቆም እንደሆን እንጂ ሰው አይቀሰቅስም።

ሹፌሩ፣ ከኮምቦልቻ (ግንቦት 6)
ሚኒባስም አያስቆም። ሃሃ።

ገንዘብ ያዥ (ግንቦት 7)
ስለ 90 ሺሁ የመለሰልኝ የለም።

ከኦስሎ (ግንቦት 7)
ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። እኔ የናዳን ነገር የተማርኩት እዚህ፣ ከበረዶ ነው። በነሱ ክረምት ከተዘጋጀው መንገድ ወጥቶ ተራራ የሚሄድ ሰው ሦስት ነገር ሳይዝ አይንቀሳቀስም። ሲቀበር ምልክት የሚያስተላልፍለት ትንሽ መሣሪያ፣ አካፋ፣ በረዶ ውስጥ እየወጉ የሚፈልጉበት ተጣጣፊ ዘንግ። የተቀበረ ሰው የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ካለፈ ተስፋው ይመነምናል። ስለዚህ የሚያወጣው አብሮት የነበረው ነው፣ ከከተማ የሚመጣው አይደርስለትም። አብዛኛውን ጊዜ ናዳውን የሚቀሰቅሰውም ራሱ ወይም ጓደኛው ነው። ለዚህ ነው ትምህርቱ ላይ የሚበረቱት፦ ቁልቁለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሆነ ተጠንቀቅ፣ አንድ በአንድ እለፍ። ማስጠንቀቂያው በስልክ ይወጣል። ለበረዶ ናዳ አምስት ደረጃ አለው። ለአፈር ናዳና ለጎርፍ አራት ቀለም፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። የኛም በቀለም ቢሆን ጥሩ ነው። የጥሩንባውን ነገር ተዉት።

ጋሽ መምህር (ግንቦት 7)
በረዶ እኛ ጋ ቆርቆሮ ነው የሚቀጠቅጠው ልጄ፣ ሰው አይቀብርም። ስለ ጥሩንባው ግን ተባረክ።

የቅሬው ጸሐፊ (ግንቦት 7)
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩን ከፍቶ ቀለም የሚያይ ማነው? መብራትስ ቢጠፋ? ጥሩንባ ኔትወርክ አይፈልግም።

ጂኦሎጂ ያነበብኩት (ግንቦት 8)
ሁላችሁም ስለ ድምፁ ነው የምታወሩት። እኔ የሚያሳስበኝ ሰው ሲሰማው የሚያደርገው ነገር ነው። ጥሩንባ ሲነፋ የሰፈሩ ሰው ምን ያደርጋል? ይሰበሰባል። ወደ ድምፁ ይሮጣል። ለለቅሶ ሸጋ ነው። ለናዳ ግን መሄድ ያለበት ወደ ተቃራኒው ነው። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን አስታውሱ። የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ነው ሁለተኛው የወረደው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የበረዶው ሩብ ሰዓት ለኛ እንዳለ አይሠራም። እኛ ጋ መጀመሪያ ከላይ ያለውን ገደል የሚያይ አንድ ሰው ይቆማል፣ ከዚያ ነው አካፋ የሚነሳው።

ሌላው፣ ረቂቁ ላይ «ምልክት ይሰጣል» ተብሎ የታለፈውን እኔ አንድ ገጽ ጽፌ እሰጣለሁ። በር ድንገት አልዘጋ ማለት። ምሰሶ ማዘንበል። ምንጭ መደፍረስ ወይም መድረቅ። የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሩ መጉበጥ። ጦሳ ሥር ያለው መሬት ከላይ የወረደ ድንጋይና አፈር ነው፣ ከሥሩ የላሸቀ ጥቁር ድንጋይ አለ። ውሃው ሰርጎ እዚያ ሲደርስ መውጫ ያጣል። ከላይ ያለው እርጥብ ሳሙና ላይ እንደቆመ ነው። እኛ ደግሞ ለቤት ቦታ ብለን ከግርጌው እንቆርጥለታለን።

የቅሬው ጸሐፊ (ግንቦት 8)
እና ጥሩንባው ሰው ገዳይ ነው ልትይ ነው?

ጂኦሎጂ ያነበብኩት (ግንቦት 8)
አላልኩም።

የቅሬው ጸሐፊ (ግንቦት 8)
ብለሻል። ቅሬው ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ጥሩንባ ሲቀብር የኖረ ነው። ፕሮፖዛል ከመጻፉ በፊት የነበረ ነው። ጋሼ ለምን እንደጠሉት ደግሞ እናውቃለን። የመዋጮ ውዝፍ ያለባቸው ሰዎች በጥሩንባ ሲጠሩ ስማቸው ሁለተኛ ላይ ነበር።

*ጋሽ መምህር ቡድኑን ለቀው ወጥተዋል።*

ገንዘብ ያዥ (ግንቦት 8)
አሁን ምን አደረግክ? ሽማግሌ ሰው እንዲህ ይባላል? ያ ውዝፍ በማግስቱ ተከፍሏል፣ ደረሰኙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ሹፌሩ፣ ከኮምቦልቻ (ግንቦት 9)
ወላሂ እናንተ ሰዎች። ገና አንድ ጠጠር ሳይወርድ ተቀብራችኋል። ሐረጎ ገባ ወይስ አልገባም?

ሯጩ (ግንቦት 11)
ለካሁ። 1 ሜትር ከ15። ፎቶው ይኸው። ከትናንት ወዲያ ዝናብ ነበር። ጫማዬን ጭቃ በልቶታል።

ሰብሳቢው (ግንቦት 11)
ሸጋ። ለጋሹ እንዲህ ያለ ፎቶ ይወዳል። በሚቀጥለው ግን ሜትሩ ቀጥ ብሎ ይታይ፣ አንተም ግባበት።

ጂኦሎጂ ያነበብኩት (ግንቦት 11)
ቆይ። በስምንት ቀን ሦስት ሴንቲ? ካስማው ላልቶ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። ነገ ደግመህ ለካው። ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ቆሞ ከሆነም ንገረኝ።

ሰብሳቢው (ግንቦት 13)
ትናንት ከሦስት ሰው ጋር ሆነን ጋሼ ቤት ሄደን ነበር። ጸሐፊውም መጥቶ ይቅርታ ጠይቋል። ቡናው እስከ በረካ ተጠጥቷል። ወደ ቡድኑ መልሰናቸዋል። ስለ ውዝፍ የሚያነሳ ሰው ካለ ራሱ ይወጣል።

ጋሽ መምህር (ግንቦት 13)
ተመልሻለሁ። ጥሩንባው ግን ይውጣ።

የቅሬው ጸሐፊ (ግንቦት 13)
ጋሼ፣ ይቅርታዬ እንዳለ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥሩንባውም አርጅቷል። አፉ ላይ ያለው ቆርቆሮ ተሰንጥቆ በጨርቅ ነው የታሰረው። ነፊው ከንፈሩን ሁለቴ ቆርጦታል። ለእልህ ነው የተሟገትኩት። የእጅ ድምፅ ማጉያ ይገዛ። ሰው በራሱ አፍ «ከገደሉ ራቁ» ይበል፣ የጂኦሎጂዋ ልጅም ሐሳብ ይመለሳል። ድምፅ ማጉያው ግን ቅሬው ቤት ነው የሚቀመጠው።

ከኦስሎ (ግንቦት 14)
ይኼ ደህና ሐሳብ ነው። ሁለቱን እኔ ልግዛ?

ገንዘብ ያዥ (ግንቦት 14)
አንተ አምናም «ልግዛ» ብለህ ነበር።

ሹፌሩ፣ ከኮምቦልቻ (ግንቦት 15)
ለኮምቦልቻ ስንት ነው የሚደርሰው? አንድ ከሆነ አንድ በሉ። ደግሞ ሐረጎ ላይ ሁለት ታፔላ፣ አንዱ ሲወጣ፣ አንዱ ሲወርድ።

ጋሽ መምህር (ግንቦት 15)
ቁጥሩ አይደለም፣ ባትሪው ነው። የሚሞላው ማነው? ባለፈው ለስብሰባ የተዋስነው መሀል ላይ ጸጥ ብሎ ሰብሳቢው አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ አይተነዋል።

የቅሬው ጸሐፊ (ግንቦት 16)
ሌላ ነገር። ሰው ከቤቱ ውጣ ሲባል የት ነው የሚያድረው? በክረምት? ድንኳን ያስፈልጋል። የቅሬው ድንኳን ሁለት ቦታ ተቀዷል፣ ባለፈው ለቅሶ እንግዳው ላይ ሲንጠባጠብ ነው ያመሸው። አዲስ ከገዛን ለናዳም ለለቅሶም ይሆናል።

ገንዘብ ያዥ (ግንቦት 16)
አሁን ገና የሚጨበጥ ነገር ሰማሁ። ድንኳን ደረሰኝ አለው። ከ90 ሺሁ ላይ ይነሳ።

ጂኦሎጂ ያነበብኩት (ግንቦት 17)
የ90 ሺሁ ገንዘብ እኮ የማስተማሪያው ነው። ደግሞ የካስማው ልጅ የት ገባ? ስድስት ቀን ሆነው። ደወልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው።

ሰብሳቢው (ግንቦት 22)
ካጠራቀምኩት አስተያየት ይኼ ወጥቷል። የእጅ ድምፅ ማጉያ አራት፣ አንዱ ለኮምቦልቻ። ትርፍ ባትሪ። ድንኳን አንድ። ድንኳን ያለ ወንበር ስለማይሆን 60 ወንበር። ለሐረጎ ታፔላ ሁለት። የዝናብ መለኪያ አንድ፣ ሁለቱ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። ማስተማር ወደ 15 ሺህ ወርዷል፣ ዝርዝሩም ሻይና ወረቀት ተብሎ ተጽፏል። ጥሩንባ የለም። ጋሼ ይዩት።

ጂኦሎጂ ያነበብኩት (ግንቦት 22)
የምልክቶቹ ገጽ የለም።

ሰብሳቢው (ግንቦት 22)
ለጋሹ ከአምስት ገጽ በላይ አይቀበልም። የወንበሩ ዋጋ ማነጻጸሪያ ብቻ አንድ ገጽ ወሰደ። አባሪ እናደርገዋለን፣ ካነበቡት።

ከኦስሎ (ግንቦት 23)
ቀለሞቹስ?

ሰብሳቢው (ግንቦት 23)
ድንኳኑ ሰማያዊ ነው።

ሯጩ (ግንቦት 24)
ይቅርታ፣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቼ ድንገት ነው የሄድኩት። ሲሙን ቀይሬ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ዛሬ ልኬው አይቶልኛል። አንደኛው ካስማ የለም። ሌላው ላይ ጥጃ ታስሯል።

ጂኦሎጂ ያነበብኩት (ግንቦት 24)
ጥጃው ነው የነቀለው ወይስ መሬቱ ሄዶ ነው? ስንጥቁ ምን ያህል ሆኗል? ክንድ ያስገባል?

ሯጩ (ግንቦት 24)
አላየውም። መሽቶ ነበር፣ ፈርቶ ተመለሰ።

የቅሬው ጸሐፊ (ግንቦት 24)
ነገ ጠዋት ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር አስተካክሉ። ወንበሩ የፕላስቲክ ይላል። የብረት ነበር የተባባልነው።