የዕቅድ ውይይት፦ የዳኮታችን ሞዴል እንዴት ይጠገን?

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ስብሰባ ጀምረን የተውነውን የዳኮታ፣ የዚያ የድሮ አውሮፕላን የእንጨት ሞዴል፣ ጉዳይ እዚህ እንጨርሰው። ለጠቅላላ ጉባኤው ሁላችንም የተስማማንበት አንድ ሐሳብ መቅረብ አለበት። ትናንት ከዕቃ ክፍሉ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ፎቶውን አያይዣለሁ።

የግራ ክንፉ ከሞተሩ ወጣ ብሎ ተገንጥሏል። የግራው ፕሮፔለር የለም። ጭራው ድሮ ተሰብሮ በስቱኮ ተለጥፏል። ሆዱ ሥር የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ብሶች አሉ፤ ብድግ ሳደርገው ጠረጴዛው ላይ ደቃቅ ዱቄት ቀረ። ጀርባው ላይ ያለው ብርማ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ነው። በእጄ ለመንካት ፈራሁ።

ወጣቱ አባል፦
እኔ አዲስ ክንፍ በስሪዲ ፕሪንተር ላወጣ እችላለሁ። ፕሮፔለሩንም እንደዚያው። ልኩን ወስጃለሁ፤ የቀኝ ክንፉ ከመሃል እስከ ጫፍ 45.2 ሴንቲሜትር ነው። የእውነተኛው የክንፍ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 29 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ አንድ ለ32 ነው ማለት ነው። ከዚያ የድሮውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ልጠን፣ ፕሪመር መትተን በስፕሬይ ብንቀባው አዲስ ይሆናል። ለበዓሉም ይደርሳል።

ነባሩ መካኒክ፦
ልጄ፣ ልኩን ስላወጣህልን ተባረክ። ግን ከመላጡ በፊት አንድ ነገር ስማኝ።

እኔ በእውነተኛው ላይ ሠርቻለሁ። ዳኮታ ክንፉ የሚፈታው የት ላይ እንደሆነ ታውቃለህ? ልክ ከሞተሩ ወጣ ብሎ ነው። የውጪው ክንፍ ከመሃለኛው ጋር እዚያ ላይ በብሎን ረድፍ ይያያዛል። ይሄ ሞዴልም የለቀቀው እዚያው ነው። ሠሪው መጋጠሚያውን ያደረገው እንደ እውነተኛው ነው ማለት ነው።

ሌላም አለ። በግራ ጎኑ ወደ ኋላ የተሣለውን በር ተመልከቱ። ትልቅ፣ ባለ ሁለት ተካፋች ነው። የመንገደኛው ዲሲ-3 በር ትንሽ ነው። ይሄ የጭነት በር ነው፤ የዚያው አውሮፕላን የጦር ሠራዊት ጭነት ዓይነት የሆነው የሲ-47 በር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በሲ-47 ነው። አምስት ነበሩ፤ ከጦርነቱ የተረፉ። ውስጣቸው በግራና በቀኝ ጎን ተጣጣፊ አግዳሚ ነበረው፤ ዕቃው መሃል ላይ ይታሰራል። ይህን ሞዴል የጠረበ ሰው ከፎቶ ብቻ አልሠራውም። አውሮፕላኑ አጠገብ ቆሞ አይቶታል።

አናጢው፦
ጋሼ ያሉትን እኔም ከእንጨቱ በኩል ላጠናክር። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፤ የተገነጠለው ላይ የሚታየው ዋንዛ ይመስለኛል። በእጄ ካላየሁ ግን አልምልም። ጸሐፊያችን፣ እስቲ የስብራቱን ፊት በደንብ በብርሃን ተመልከቺልን።

ጸሐፊዋ፦
አሁን አየሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

የክንፉ መጋጠሚያ ላይ፣ ቀለም ያልነካው ባዶ እንጨት ላይ፣ በእርሳስ «ግራ» የሚል ጽሑፍ አለ። «ግ» እና «ራ»። ከሥሩ አንዲት አጭር መስመር። በአካሉ በኩል ባለው ፊት ላይም ትክክለኛ ጓደኛዋ መስመር አለች፤ ሁለቱን ሳገጣጥማቸው አንድ ይሆናሉ። ፎቶውን አያይዣለሁ።

አናጢው፦
አናጢ ሁለት የሚመሳሰል ነገር ሲጠርብ እንዳይምታታበት እንዲህ ነው ምልክት የሚያደርገው። እኔም እስከ ዛሬ በርና መስኮት ላይ እንዲሁ እጽፋለሁ። የእንጨቱ ቀለምም ከመጀመሪያው ፎቶ ይልቅ እዚህ በግልጽ ይታያል፤ ዋንዛ ነው። ቀላል ነው፣ ለመጥረብም አያስቸግርም። ይሄ ሞዴል ከውጭ በሣጥን የመጣ አይደለም፤ እዚሁ አገር ተጠርቧል።

ወጣቱ አባል፦
ፎቶውን ሳየው ዝም ብዬ ቆየሁ። ስለ ክንፉ ያልኩትን አንስቻለሁ። ያንን ክንፍ መተካት የለብንም። ፕሮፔለሩ ግን እንዳይቀር። የዳኮታ ፕሮፔለር ሦስት ምላጭ አለው፤ በዚህ ልክ ስፋቱ ወደ 11 ሴንቲሜትር ይመጣል። የቀኙን ስካን አድርጌ ላውጣው፣ ከኋላው የተሠራበትን ዓመት ልጻፍበት። ነገ የሚያየው ሰው የትኛው የድሮ፣ የትኛው የኛ እንደሆነ ይለይ።

የቀድሞዋ የበረራ አስተናጋጅ፦
ስለ ቀለሙ እኔ ልናገር። ይሄ ሞዴል ለዓመታት የቲኬት ቢሮ መስኮት ላይ ነበር። አፍንጫውን ወደ በሩ አድርጎ ነበር የሚቆመው፤ ቀኝ ጎኑ ወደ መንገድ። እስቲ እዩት፣ በቀኝ በኩል ያለው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ፈዟል፤ በግራ በኩል ግን ዛሬ የተቀባ ይመስላል። የከሰዓት ፀሐይ ነው የበላው። የቀለሙ መነሣትም የመጣው ከዚያ ሙቀት ይመስለኛል።

በዳኮታ ላሊበላ ወርጃለሁ። ሜዳው አፈር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። ስናርፍ መስኮቱ ሁሉ አቧራ ይሆናል። እኔ ያንን አውሮፕላን አዲስ ሆኖ አላውቀውም። የፈዘዘው ጎን ይቅርልኝ።

ከቨርጂኒያ፦
እዚህ አሜሪካ፣ ቻንቲሊ በሚባል ቦታ የስሚዝሶኒያን አቪዬሽን ሙዚየም ትልቅ ሀንጋር አለ፤ ኡድቫር-ሃዚ ይባላል። የጥገና ክፍሉን ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ፍላክ-ቤይት የሚባል ቢ-26 ቦምብ ጣይ አለ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ200 በላይ ተልእኮ የበረረ። አዲስ ቀለም መቀባት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን የድሮውን ቀለም፣ ከነጠባሳው፣ እንዲቆይ ነው የሚሠሩት። እኛም እንደዚያው ብናደርግ እላለሁ።

ስለ አሠራሩ ያነበብኩትን ላካፍል። አንደኛ፣ ብርጭቆ ወረቀት በፍጹም። በዚያ ዘመን ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት መኖሩ የተለመደ ነው፤ ብናኙ ሳንባ ይገባል። ሁለተኛ፣ አሴቶን አይነካው። የድሮ ናይትሮ ቀለም ከሆነ እያየነው ይሟሟል። ጽዳቱ በተጣራ ውኃ በረጠበ ጥጥ፣ ጥጡን በእንጨት ላይ ጠቅልሎ እያንከባለሉ እንጂ እየፈተጉ አይደለም። መጀመሪያ ሆዱ ሥር የሳንቲም ያህል ቦታ ላይ ይሞከር። የተነሣውን ልጣጭ ለብ ባለ ቀጭን ጄላቲን፣ በቀጭን ብሩሽ፣ ከሥሩ እያስገቡ መመለስ ይቻላል። ጄላቲኑንና ብሩሾቹን እኔ እልካለሁ።

አናጢው፦
ከሁሉ በፊት ግን ነቀዙ! ዱቄት እየረገፈ ከሆነ ውስጡ ሕይወት ሊኖር ይችላል። ዛሬ ብናጣብቀው ከዓመት በኋላ ክንፉ ወንፊት ይሆናል። ኬሮሲን የሚቀባ ሰው አለ፤ ቀለሙን ያበላሸዋል፣ አልስማማም።

ከቨርጂኒያ፦
ሙዚየሞች በብርድ ነው የሚገድሉት። በፕላስቲክ አየር በማያስገባ መንገድ ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት። ሲወጣ ፕላስቲኩ ቶሎ አይከፈት። ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ፤ አለበለዚያ ላቡ እንጨቱ ላይ ይወርዳል።

ወጣቱ አባል፦
አጎቴ ግሮሰሪ አለው፤ ትልቅ ፍሪዘር። ባዶ ያደርግልናል፣ ጠይቄዋለሁ።

አናጢው፦
ክንፉን የምገጥመው በኢፖክሲ አይደለም። ከቆዳ በሚሠራው የድሮ ሙጫ ነው። ለብ ባለ ውኃ ተመልሶ ይለቃል። ከኛ በኋላ የሚመጣ የተሻለ ባለሙያ መክፈት ቢፈልግ ይክፈት። የእርሳሱ ጽሑፍ ያለበትን ቦታ ሙጫ አላስነካውም፤ በዳርና ዳር ብቻ። ለጎደለው ስንጣሪ የዋንዛ ቁራጭ አለኝ፣ ከአሮጌ ቁም ሣጥን የተረፈ። አዲስ ዋንዛ አልቆርጥም።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ ለጉባኤው የማቀርበው ይህን ነው፤ የሚቃወም ይናገር። ሞዴሉ ይጠገናል እንጂ አይታደስም። መጀመሪያ ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሣል፣ የእርሳሱ ጽሑፍ በቅርብ። ቀጥሎ ፍሪዘር፣ ጽዳት፣ የቀለሙ ልጣጭ፣ ክንፉ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። ፕሮፔለሩ አዲስ ሆኖ ዓመት ይጻፍበታል። አዲስ ቀለም የሚነካው የገባው ስንጣሪ ላይ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ የመስታወት ሣጥን፣ ከመስኮት ራቅ ያለ ግድግዳ ላይ። የሣጥኑ ወጪ ከመዋጮው ይሸፈን። ለበዓሉ ካልደረሰ አይድረስ፤ የክንፉን ፎቶ አትልቀን እንሰቅላለን።

የቀረው የጭራው ስቱኮ ነው። ይነሣ ወይስ ይቆይ?

ነባሩ መካኒክ፦
ይነሣ። ያንን ስቱኮ የመታሁት እኔ ነኝ።

ቢሮው ሲዘጋ ጭራው ተሰብሮ ከቆሻሻ ጋር ሊወጣ ነበር። ቤቴ ወሰድኩት። በእጄ የነበረው የመኪና ስቱኮ ስለነበር በእሱ ለጠፍኩት፣ ከላዩ ቀለም ደረብኩበት። ከሥሩ የመጀመሪያው ቀለም አለ፤ ስለጥፍ አይቼዋለሁ። አረንጓዴው እስከ ጫፍ ይሄዳል። በስለታም ምላጭ ቀስ እያልኩ ብገፈው ይወጣል፤ በየት በኩል ወፍራም እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለዚህ ሥራ ሌላ ሰው አትመድቡ።

አናጢው፦
ጋሼ፣ መብራትና ማጉያ መነጽር እኔ አመጣለሁ። ጎንዎ ሆኜ እይዝልዎታለሁ።

ጸሐፊዋ፦
ተስማምተናል። ጋሼ፣ ከፍሪዘር በወጣ በማግስቱ ይጀምራሉ። ወጣቱ ወንድማችን፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት አጎትህ ሱቅ እንገናኝ። አካሉን አንተ ትይዛለህ። ክንፉን እኔ አመጣዋለሁ፤ አሁን በነጠላዬ ጠቅልዬዋለሁ።