ለዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ስንደራደር የኮንትራት ሠራተኞቻችን ጉዳይ የት ይገባል?

ጥያቄ (ከ«አንባቢ»)

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በጥር 1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ተቀዛቅዞ የቆየው ድርድር ባለፉት ዓመታት እንደገና ተነቃቅቷል። ስለ ጉዳዩ የሚጻፈው አብዛኛው የቀረጥ፣ የባንክና የቴሌኮም ነገር ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የድርጅቱ የአገልግሎት ንግድ ስምምነት፣ በተለምዶ «ጋትስ» የሚባለው፣ አገልግሎት ለሌላ አገር የሚቀርብባቸውን አራት መንገዶች ይዘረዝራል፤ አራተኛው አገልግሎት ሰጪው ሰው ራሱ ለጊዜው ድንበር ተሻግሮ የሚሠራበት ነው። አለን ዊንተርስና ቴሪ ዎልምስሊ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ የበለጸጉ አገሮች የሠራተኛ ኃይላቸውን 3 በመቶ ያህል ጊዜያዊ ሠራተኛ ከድሃ አገሮች ቢቀበሉ፣ ዓለም በዓመት ከ150 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚጠቀም አስልተው ነበር። እኛ ወደ ውጭ የምንልከው ካፒታል የለንም፤ ሰው ግን አለን፤ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ በየሰው ቤት በኮንትራት የሚሠሩት እህቶቻችን ለዚህ ምስክር ናቸው። ታዲያ ተደራዳሪዎቻችን በዚህ አራተኛ መንገድ በኩል ለእነርሱ የመግቢያና የመብት ዋስትና ሊጠይቁላቸው አይችሉም ወይ?

መልስ (ከ«ሕገ ንግድ»)

የተከበሩ ጠያቂ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ቢሆንም መልሱ በአብዛኛው «አይችሉም» የሚል ነው። ከስምምነቱ ጋር የተያያዘው የተፈጥሮ ሰዎችን (ማለትም ድርጅት ያልሆኑ ግለሰቦችን) እንቅስቃሴ የሚመለከተው አባሪ፣ ስምምነቱ በአንድ አባል አገር የሥራ ገበያ ለመግባት የሚፈልጉ ሰዎችን በሚነኩ እርምጃዎች ላይ፣ እንዲሁም በዜግነት፣ በመኖሪያና በቋሚ ቅጥር ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚ እንደማይሆን በግልጽ ይደነግጋል። ሪያድ ውስጥ ባለ ቤተሰብ በቀጥታ የተቀጠረች ሴት የዚያ አገር የሥራ ገበያ አካል ናት እንጂ የኢትዮጵያ አገልግሎት አቅራቢ ተደርጋ አትቆጠርም። አንድ የአዲስ አበባ የጽዳት ድርጅት ዱባይ ካለ ሆቴል ጋር ውል ገብቶ፣ ደመወዛቸውን ራሱ የሚከፍላቸውን ሠራተኞች ለተወሰነ ጊዜ ቢልክ ግን ነገሩ በስምምነቱ ሥር ይወድቃል። ሥራው አንድ ዓይነት ሆኖ የውሉ አቀራረፅ ብቻ ዕጣዋን ይለውጠዋል፤ ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አልሟገትም።

አባል አገሮች በዚህ አራተኛ መንገድ የገቡት ግዴታም ጠባብ ነው። አብዛኛው ከዋና መሥሪያ ቤት ወደ ውጭ ቅርንጫፍ የሚዛወሩ ሥራ አስኪያጆችንና ልዩ ባለሙያዎችን ይመለከታል፤ ይህም በውጭ አገር ቅርንጫፍ ላለው ኩባንያ እንጂ ጉልበቱን ብቻ ለያዘ ሰው አይጠቅምም። ያነሱት የ3 በመቶ ስሌት ግን ዝቅተኛ ክህሎት ያላቸውም እንዲገቡ የሚያስብ ነው፤ የተዘጋውም በር እሱ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አመልካች አገር ለድርድር ሲቀመጥ የሚጠየቀው የራሱን ገበያ እንዲከፍት ነው፤ ነባር አባላት ግዴታቸውን ለእሱ ሲሉ አያሻሽሉም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በልማት እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች አገልግሎት ቅድሚያ መስጠትን የሚፈቅድ ውሳኔ ማሳለፉ እውነት ነው፤ ይሁንና ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም።

መልስ (ከ«የሪያድ ተመላሽ»)

ወንድሞቼ፣ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ በኮንትራት ሄጄ የተመለስኩ ነኝ። እዚህ ኤጀንሲው ቢሮ የፈረምኩት ውል ላይ አንድ ሺህ ሪያል ደመወዝ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍትና ምግብ ተጽፎ ነበር። ሪያድ ስደርስ ፓስፖርቴን የ«ከፊሉ»፣ ማለትም ዋስ የሆነኝ አሠሪ፣ ሰው ተረከበኝ፤ ኢቃማዬም (የመኖሪያ ፈቃዴም) ከከፊሉ ስም ጋር የተያያዘ ነበር። ከቤት ወጥቼ ሌላ ሥራ ብይዝ መዳም (የቤቱ እመቤት) «ሁሩብ»፣ ማለትም ከአሠሪዋ የጠፋች፣ ብላ ታስመዘግበኛለች፤ ከዚያ በኋላ ያልከፈሉኝን ደመወዝ መጠየቅ ቀርቶ መንገድ ላይ መታየትም ያስፈራል። የዕረፍቱ ቀን የት እንደገባ የሚጠይቅልኝ አልነበረም። የሳዑዲ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቷቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ለብቻቸው ደንብ የወጣላቸው መሆኑን ያወቅሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ ጄኔቫ በንግድ ድርጅቱ የሚነገረው ሳይሆን ሁለቱ መንግሥታት የሚፈራረሙት ስምምነት ነው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር እንዲሆን፣ ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱንም አሠሪው እንዲችል ያዝዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ገንዘቡን ቀድሞ ከቤተሰባችን እጅ የሚወስደው የቀበሌው ደላላ ከአዋጁ ውጭ ነው የሚኖረው። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ጉዞውን ጨርሶ በከለከለ ጊዜም ሴቶቹ መሄዳቸውን አልተዉም፤ በሱዳንና በየመን በኩል ሄዱ።

መልስ (ከ«ሚዛን»)

የእህታችንን አስተያየት እጋራለሁ። በሒሳብ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። በክፍያ ሚዛን (አገር ከውጭ ጋር የምታደርገው የገንዘብ ልውውጥ ሒሳብ) አመዘጋገብ መሠረት ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሠራተኛ የዚያ አገር ነዋሪ ይሆናል፤ የሚልከውም ገንዘብ እንደ ግል ስጦታ እንጂ እንደ አገልግሎት ኤክስፖርት አይመዘገብም። የሁለት ዓመት ኮንትራት ያላት ሴት ስለዚህ በአገልግሎት ንግዳችን አኃዝ ውስጥ አትታይም፤ በንግድ ድርድር ጠረጴዛ ላይም የማትታየው በአንድ በኩል በዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ሆኖም መንገዱ ሁሉ ዝግ አይደለም። ፊሊፒንስ ከጃፓን ጋር የተፈራረመችውና እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ የዋለው የምጣኔ ሀብት ትብብር ስምምነት ነርሶችንና ተንከባካቢዎችን አካቷል። ነገር ግን ነርሷ ጃፓን ሄዳ በሦስት ዓመት ውስጥ የጃፓንን ብሔራዊ ፈተና በጃፓንኛ ማለፍ ነበረባት፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እኛም ነርስ ወይም ኤሌክትሪሺያን መላክ ካሰብን፣ የሲኦሲው (የሙያ ብቃት ማረጋገጫው) ወረቀት ተቀባዩ አገር ዘንድ ዕውቅና እንዲያገኝ መደራደር ከቪዛው ቁጥር ይቀድማል።

ሌላው የምንረሳው ነገር፣ አራተኛው መንገድ ወደ እኛም የሚመጣ መሆኑ ነው። መንገድና የባቡር ሐዲድ የሚሠሩልን የውጭ ተቋራጮች መሐንዲሶቻቸውንና ቴክኒሺያኖቻቸውን ይዘው ነው የሚገቡት። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ባለሀብቱ የውጭ ባለሙያውን በሥልጠና አማካይነት በኢትዮጵያዊ እንዲተካ ያስገድዳል። በአባልነት ድርድሩ የሚፈተነው ይህ ግዴታ ነው፤ ለድርጅቱ በምናቀርበው የግዴታ ዝርዝር ላይ በገደብነት በግልጽ ካልጻፍነው በኋላ ልንጠቀምበት ያዳግተናል።

ጠያቂው («አንባቢ»)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ የቤት ሠራተኞቹ ጉዳይ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በሚመራው የሁለትዮሽ ስምምነት፣ የባለሙያዎቹ ደግሞ በንግድ ድርድሩ ይያዝ ማለት ነው?

መልስ (ከ«ሕገ ንግድ»)

በመሠረቱ አዎን፤ ነገር ግን ሁለቱ ፈጽሞ ተነጥለው አይሂዱ። አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር በኢትዮጵያ ባንክ ወይም እርሻ ላይ መዋዕለ ንዋይ ለማፍሰስ ሲጠይቅ፣ ፓስፖርት መያዝ እንዲቀርና ደመወዝ በባንክ እንዲከፈል በዚያው ሰሞን ማንሳት ይቻላል። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2021 ለቤት ሠራተኞችም ጭምር የአንድ ሺህ ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ ተፈጻሚ ማድረጓ፣ እነዚህ ጥያቄዎች በባሕረ ሰላጤው ተቀባይነት ሊያገኙ እንደሚችሉ ያሳያል።