በኦክቶበር ለሚመጡት፦ ረቂቁን አብረን እናብስለው

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጀርመን የዊንተሩ ሴሚስተር ኦክቶበር 1 ይጀምራል። እስካሁን እኛ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር አዲስ ገቢዎችን እንጀራ አብልተን፣ ፎቶ ተነስተን እንበተናለን። ዘንድሮ ግን ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አንድ ገጽ ሐሳብ እናስገባ ተብሏል። ምን ይካተት?

የማስተርስ ተማሪ፣ 3ኛ ሴሚስተር፦ እንጀራው ይቅር የሚል የለም። እኔን ግን የጎዳኝ ናፍቆት ሳይሆን ሒሳብ ነው። 30 ክሬዲት ወሰድኩ። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። ለ20 ሳምንት ብታካፍሉት በሳምንት 40 ሰዓት ገደማ ይመጣል። በላዩ ላይ 20 ሰዓት መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭን ነበር። ማታ ላይብረሪ ስገባ መጽሐፉ ትራስ ሆነ። ፌብሩዋሪ ላይ ሁለት ፈተና ወደቅኩ። ሦስተኛውንማ ጭራሽ አልተፈተንኩም፤ ለፈተና ለብቻው መመዝገብ እንዳለብኝ የሰማሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። አገር ቤት እኮ ኮርሱን የወሰደ ሁሉ ይፈተናል!

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው «በመጀመሪያው ሴሚስተር አትሥሩ» ብለን እንጻፍ። ለቪዛ ብለው ባንክ ካስገቡት ዝግ ሒሳብ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅላቸዋል። ቆጥቦ ለሚኖር ይበቃል።

የዶክትሬት ተማሪ፦ ይቅርታ አድርጊልኝና ይሄ ሆዱ የሞላ ሰው ምክር ነው። ያ የዓመቱ 11,904 ዩሮ ከየት መጣ? ስንቱ ከአጎት ከአክስት ተበድሮ ነው ያስገባው። አበዳሪው ደግሞ ጃንዋሪ ላይ መደወል ይጀምራል። አትሥራ ያልነው ልጅ ደብቆን ይሠራል፤ ሲቸግረውም አይነግረንም። ይልቅ የትኛው ሥራ እንደሚሻለው እናሳየው። የተፈቀደው በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው ረዳትነት፣ ሂዊ የምንለው፣ ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። የመኖሪያ ፈቃድ ለሚሰጠው የውጭ ዜጎች ቢሮ ማሳወቅ ግን አለበት።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ ጋሼ፣ ተሰርዟል።

የዶክትሬት ተማሪ፦ ጋሼ ያልሽውም ይሰረዝ፤ ገና 34 ዓመቴ ነው።

የማስተርስ ተማሪ፣ 2ኛ ሴሚስተር፦ የምግቡም ነገር አይረሳ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሜንዛ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ውስጥ፣ «ቬጋን» የሚለው የጾም ምግብ መሆኑን የሚነግረኝ እስካገኝ ሁለት ሳምንት ሙዝና ዳቦ በላሁ። እሑድ ሱቅ እንደሚዘጋም ማንም አልነገረኝም። ቅዳሜ ያልገዛ እሑድን በሻይ ነው የሚያሳልፈው።

ጸሐፊ፦ እሱን እኛው በአንድ ወረቀት ጽፈን እናድላለን፤ ቢሮ አያስፈልገውም። ከቢሮው የምንጠይቀው አንድ ነገር ይሁን፦ ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ለሁለት ቅዳሜ ክፍል ይስጡን። እያንዳንዱ አዲስ ገቢ ከራሱ ትምህርት ክፍል ነባር ተማሪ ጋር ተቀምጦ የሴሚስተሩን ፕሮግራም ያውጣ። ክሬዲቱ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የፈተና ምዝገባው ቀን፣ እንቅልፉም ሳይቀር።

የማስተርስ ተማሪ፣ 3ኛ ሴሚስተር፦ አንድ ነገር ጨምሩበት። ነባሩ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ መልሶ ይደውል። ኦክቶበር ላይ ሁሉም «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። 11 ሰዓት ሳይሞላ መጨለም ሲጀምር ነው ሰው የሚጠፋው። እኔም ያኔ ስልኬን ዘግቼ ነበር።

የዶክትሬት ተማሪ፦ ይግባ። ለምሕንድስናዎቹ እኔ አለሁ። ግብርናና ጤና ሰው ይፈልጋሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለቡናና ለፎቶ ኮፒ 60 ዩሮ ብዬ ጽፌአለሁ። እንጀራው ከማኅበሩ ኪስ ነው። ከፍራንክፈርት ማን ያመጣል?