በነቀዝ የተበላ አሮጌ የሥዕል ፍሬም፦ ባለቤቱ «አዲስ ይምሰልልኝ» ይላሉ

የሱሉልታው አናጢ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ዳር በምትገኝ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አሮጌ የቤት ዕቃ እጠግናለሁ። የዋንዛ ወንበርና የጥድ ሣጥን አያስቸግሩኝም፤ ሰሞኑን ግን አንድ ደንበኛ ከአያታቸው የወረሱትን የሥዕል ፍሬም አምጥተውልኛል። ላዩ የጠቆረ ወርቅማ ቀለም ነው፣ አንዱ ማዕዘን ተላቅቋል፣ በጀርባው የነቀዝ ቀዳዳ አለ። ባለቤቱ «በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ቀባልኝ» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ በተላጠው ጠርዝ ሥር ቀይ ነገር ስላየሁ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አሮጌ መሮ፦
ወንድሜ፣ እጅህ እንቢ ማለቱ ደግ አደረገ። ያየኸው ቀይ ነገር ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛ ወርቅ ሥር የሚነጠፍ ደቃቅ ሸክላ አፈር ነው፤ ከእሱ በታች ደግሞ በጠመኔ ዱቄትና በቆዳ ሙጫ (ከእንስሳ ቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ) የተሠራ ነጭ ንጣፍ ታገኛለህ። (ፈረንጆችም «ጄሶ» ይሉታል፤ ለኮርኒስ ከምናውቀው ጄሶ ጋር ግን አታምታታው።) ንጹሕ ወርቅ አይጠቁርም፤ የጠቆረው በኋላ የተቀባው የናስ ዱቄት ያለበት ቀለም ሳይሆን አይቀርም፤ በናስ ውስጥ ያለው መዳብ ከዘመን ብዛት ይጠቁራልና። የወርቁ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ያነሰ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ብትነካው ከቀለሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። እርጥብ ጨርቅም አታስጠጋው፤ እንዲህ ያለው ቅብ የተያዘው በውሃ በሚሟሟ ሙጫ ነው። የምስር ፍሬ በምታህል ስውር ቦታ ላይ፣ በእንጨት ጫፍ በተጠቀለለ ጥጥ፣ ጥቂት አሴቶን (ቀለም የሚያሟሟ ፈሳሽ) ሞክርና ጥጡ ምን እንደያዘ ተመልከት።

ከለገጣፎ፦
የጋሼን ምክር እደግፋለሁ፤ በነቀዙ ላይ ግን አትቸኩል። ፍሬሙን ጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጠህ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቅ፤ ነጣ ያለ አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ በሕይወት አለ፣ ካልወረደ ቀዳዳው የድሮ ነው። ነጭ ጋዝ የሚያፈሱበት ሰዎች አሉ፤ እንጨቱን ያበላሹታል እንጂ ጥልቅ የገባውን ትል አያገኙትም። ማዕዘኑንም በነጩ ኮላ ሳይሆን በቆዳ ሙጫ ለጥፈው፤ የቆዳ ሙጫ በሙቅ ውሃ ስለሚለቅ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ ሳይሰብር ይፈታዋል። የቆርቆሮ ጣሪያህ ቀን አግሎ ሌሊት ስለሚያቀዘቅዝ ፍሬሙን ከጣሪያው ራቅ አድርገው። ደግሞ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳትነካው።

የሱሉልታው አናጢ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የተመዘገበ አይደለም፣ ጠይቄያለሁ። ሞከርኩት፤ ጥጡ አረንጓዴ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ ከሥሩም ምስር የምታህል ቢጫ ብርሃን ብቅ አለች። ባለቤቱ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ ሙሉውን ለማጽዳት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። ሁለት ወር አልኳቸው፤ ስለ ዋጋው ገና አልተነጋገርንም።