ክርክር፦ የቢል ሻንክሊ የጦርነት ዘመን ጨዋታዎች ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ?

መነሻ፦ ስኮትላንዳዊው አማካይ፣ ኋላም የሊቨርፑል አሰልጣኝ የሆነው ቢል ሻንክሊ፣ ለእንግሊዙ ክለብ ፕሪስተን በሊግ 297 ጊዜ፣ ለብሔራዊ ቡድኑ 5 ጊዜ ተሰልፏል ይላል ይፋዊው መዝገብ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለስኮትላንድ ያደረጋቸው 7 ጨዋታዎች አልተካተቱም። ይግቡ ወይ? (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በቅጽል ስም ነው።)

ግራ መስመር፦ ይግቡ እንጂ! 26 ዓመት የሞላው ሴፕቴምበር 2 ቀን 1939 ነው። በማግስቱ ብሪታንያ ጦርነት አወጀች፣ ሊጉም ተቋረጠ። ኦገስት 31 ቀን 1946 ሲመለስ ሻንክሊ 33 ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶታል። የአንድ አማካይ ምርጥ ዕድሜ እንዳለ ተበላ ማለት ነው። በ1942 ግላስጎው በሚገኘው ሃምፕደን ስታዲየም እንግሊዝን 5 ለ 4 ሲያሸንፉ አንዷን እሱ አግብቷል፤ ይፋዊው መዝገብ ግን ለስኮትላንድ ምንም ጎል የለውም ይላል።

መዝገብ ቤት፦ ማዘን ሌላ፣ መቁጠር ሌላ። የተጫዋቾች ውል ታግዶ ነበር፤ በሰላሙ ጊዜ በሳምንት እስከ 8 ፓውንድ ያገኝ የነበረ ሰው በጨዋታ 30 ሽልንግ፣ ማለትም አንድ ፓውንድ ተኩል ይከፈለው ጀመር። ወታደር የሆነው ደግሞ ካምፑ አጠገብ ላለ ክለብ በእንግድነት ይሰለፋል። በ1940 የገና ዕለት ብራይተን አምስት ተጫዋች ብቻ ይዞ ኖርዊች ደረሰ፤ የጎደለውን በኖርዊች ተጠባባቂዎችና ከተመልካች መሀል በተገኙ ወታደሮች ሞልቶ 18 ለ 0 ተሸነፈ። ይህን ከመደበኛ ሊግ ጋር ትደምራለህ?

ግራ መስመር፦ ያ የክለብ ጨዋታ ነው። እኔ የምለው ስለ ብሔራዊ ቡድን ነው።

መዝገብ ቤት፦ እዚያም ያው ነው። በሴፕቴምበር 1943 ዌምብሌይ ላይ የዌልሱ ፓወል ሲጎዳ ተቀያሪ አልነበራቸውም፤ የእንግሊዙ ተጠባባቂ ሞርተንሰን የዌልስን ማልያ ለብሶ ገባ። እሺ፣ ለማን ይቆጠርለት?

ቀይ ማልያ፦ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡ። በ1941 የእንግሊዝን የጦርነት ጊዜ ዋንጫ አርሰናልን አሸንፎ የወሰደው ፕሪስተን ከየቦታው የተለቃቀመ ቡድን አልነበረም፤ ሻንክሊም የ19 ዓመቱ የክንፍ ተጫዋች ቶም ፊኒም ነበሩበት። መጀመሪያ 1 ለ 1፣ በድጋሚው 2 ለ 1። በነገራችን ላይ ሻንክሊ በ1942 ለሊቨርፑልም አንድ ጨዋታ በእንግድነት ተሰልፏል፤ ያውም ኤቨርተን ላይ። ሲጫወት ጉልበቱን ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ያደረገውም ለስኮትላንዱ ክለብ ፓርቲክ ቲስል በእንግድነት ሲጫወት ሳለ ነው። ጉዳቱ እውነተኛ ከሆነ ጨዋታው እንዴት ውሸት ይሆናል?

ተቀያሪ፦ ለብቻው ዓምድ ይከፈትለት፣ አለቀ። 5 እና 7 ይጻፍ፤ 12 ተብሎ አይደመር። ግን መጀመሪያ አሰላለፉ ይጣራ። በጨዋታው ፕሮግራም ወረቀት የታተመው ስም ብዙ ጊዜ ሜዳ የገባው ሰው አይደለም፤ ፈቃድ የተከለከለ ወታደር በመጨረሻ ሰዓት ይቀራል፣ ምትክ ይፈለጋል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ብቻ አትመኑ፤ የሁለቱን ከተሞች የማግስት ጋዜጣ አስተያዩ። ወረቀት በራሽን ስለነበር ዘገባው አጭር ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት።

መዝገብ ቤት፦ በዚህ እስማማለሁ። ድምር ከሌለበት ጠብ የለኝም።

ግራ መስመር፦ እንግዲያው ጦርነቱ ከመታወጁ በፊት የተደረጉት የ1939 ሦስት የሊግ ዙሮችስ? ሙሉ ቡድን፣ መደበኛ ውል፣ መደበኛ ደሞዝ። እነሱም እኮ ተሰርዘዋል።

ተቀያሪ፦ እነሱ ከእንግዳ ጨዋታ ጋር መቀላቀል የለባቸውም። ሦስተኛ ዓምድ ይፈልጋሉ።

መዝገብ ቤት፦ ሊጉ ራሱ የሰረዘውን አንተ ዓምድ ልትከፍትለት ነው?